የተረፈችው ሰዓት የማን ናት?

ነገሩ የጀመረው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከማዕድ ቤታችን በወጣ ጩኸት ነው። ጩኸቱ የባለቤቴ ነበር። እሳት የተነሣ መስሎኝ የያዝኩትን ጋዜጣ ጥዬ ስሮጥ የጠበቀኝ ትርኢት ግን፣ ቢያንስ እንደኔ ላለ የማዕድ ቤት እንግዳ፣ የሚያስጮህ አልመሰለኝም። የእህቴ ልጅ በቀኝ እጇ የልብስ ስቲመሩን፣ በግራ እጇ ጨርቅ ይዛ ከምድጃው ጀርባ ያለውን ግድግዳ በእንፋሎት እየመታች ትወለውላለች። የቤታችን ሠራተኛ አጠገቧ ቆማ አፏን በእጇ ይዛ ታያለች። ባለቤቴ በሩ ላይ ናት።

«የልብሴን ነው እንዴ? ነጠላዬን የምተኩስበትን?»

«እትዬ፣ የሚወጣው እኮ ውሃ ነው። ነጠላዎን የሚነካው ሌላ ውሃ፣ ግድግዳውን የሚነካው ሌላ ውሃ።»

ስቲመር ያልገጠማችሁ ካላችሁ የካውያ ታናሽ እህት አድርጋችሁ አስቧት። በአንድ እጅ የምትያዝ፣ ሆዷ ከአንድ ብርጭቆ እምብዛም የማይበልጥ ውሃ የሚይዝ፣ ሶኬት ላይ በተሰካች በደቂቃ ውስጥ በአፍንጫዋ እንፋሎት የምትተነፍስ ዕቃ ናት። ልብሱን ሰቅላችሁ ከላይ ወደ ታች ታስተነፍሱበታላችሁ፤ ጭምድዱ ይፈታል። ለሐበሻ ቀሚስ የተፈጠረች ናት ማለት ይቻላል። ካውያ ጥለቱን ይጨፈልቃል፣ ሲብስም ያቃጥላል፤ እሷ ግን ሳትነካ ታቃናለች። የእህቴ ልጅ አረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርታ ስትመለስ ለባለቤቴ ያመጣችላት ስጦታ ናት። ባለቤቴም ከነካርቶኗ የመኝታ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የምታኖራት።

በባለቤቴ አትፍረዱባት። እኛ ዕቃን በማዕረግ አስቀምጠን ያደግን ሰዎች ነን። የጾም ድስትና የፍስክ ድስት በማይነካኩበት ቤት ነው ያደግነው። የሊጡ ሳፋ ሌላ፣ የልብሱ ሌላ፣ የእግር መታጠቢያው ሌላ። ሦስቱም ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዋጋ የተገዙ ሊሆኑ ይችላሉ። የእግሩን ሳፋ አንስታ ሊጥ ያቦካች ሴት ግን በሰፈሩ ዘንድ አለቀላት። ሳፋውን ከሳፋ የሚለየው ፕላስቲኩ ሳይሆን የሰጠነው ቦታ ነው። ባለቤቴን ያስጮሃትም ቅባቱ አይመስለኝም፤ የአንድ ዕቃ ከመኝታ ቤት ወደ ማጀት መውረድ ነው።

እኔ ግን ወዲያው ለእህቴ ልጅ ወገንኩ። ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ ልማድ አለበት፤ ምራቁን ዋጥ አድርጎ ዝም ማለት በሚገባው ቦታ ላይ ንግግር ይጀምራል። እዚያው በር ላይ ቆሜ ጀመርኩ። ዘይቤ ምንድን ነው? አንድን ቃል ካልተሠራለት ሥራ ላይ ማዋል አይደለም ወይ? ሰምና ወርቅ የምንለውስ አንድ ቃል በአንድ ደመወዝ ሁለት ሥራ ሲሠራ አይደለም? እስቲ መርካቶ ምናለሽ ተራን ዞር ዞር በሉ፤ የዕቃ ትንሣኤ የሚታይበት ቦታ ነው። የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ስንቱን ገበሬ አራመደ? የዱቄት ወተት ጣሳ ስንት ዓመት በርበሬና ምስር ሲሰፍር ኖረ? ለነዳጅ የተሠራ ጀሪካን ስንቱን ቤት ውሃ አጠጣ? ዕቃ የሚታዘዘው ለሠራው ሰው ሳይሆን ለያዘው ሰው ነው አልኩ፤ አባባሉም ለራሴ ጣፈጠኝ።

«ጨረስክ?» አለች ባለቤቴ። «እንግዲያው ያንተኑ ሸሚዝ እንተኩስበታለን።»

በሳምንቱ ባለቤቴ ልቅሶ ለመድረስ ወጣ ስትል እኔም ሞከርኳት። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» እየተባለ ያደገ የኔ ትውልድ ወንድ ማዕድ ቤት የሚገባው ወይ ውሃ ፍለጋ ነው፣ ወይ አዲስ መጫወቻ ሲያገኝ። የእኔ ሁለተኛው ነበር። የእህቴ ልጅ እንደ መምህር ከጎኔ ቆማ ታሳየኛለች። እንፋሎቱ ቅባቱን አያጠፋውም፤ ያላላዋል እንጂ። የላላውን ወዲያው በጨርቅ ካላነሱት ትንሽ ወረድ ብሎ መልሶ ይጋገራል። ስለዚህ ሁለቱ እጆች አብረው ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ይተነፍሳል፣ አንዱ ይጠርጋል። ለዚሁ ሥራ ተብለው የሚሸጡት የእንፋሎት ማጽጃዎች ውሃውን በታፈነ ዕቃ ውስጥ አፍልተው በግፊት ነው የሚረጩት፤ የልብሷ ስቲመር ግን ያ ጉልበት የላትም፣ ትተነፍሳለች እንጂ አትረጭም። ስለዚህ ትዕግሥት ትጠይቃለች። ሶኬት አካባቢ ድርሽ አይባልም። ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ ብዙ ከቆየች ቀለሙን ታነሣዋለች፤ እንጨቱንም ታሳብጠዋለች። ለሴራሚክ፣ ለፍሪጅ በር ላስቲክ፣ ለላቫንዲኖው ጠርዝና ለምድጃው መዘወሪያዎች ግን ወደር የላትም።

ደግሞ ወደ ጎን ስታጋድሏት የፈላ ውሃ ትተፋለች። ይህን ያወቅሁት በአውራ ጣቴ ነው። በዚህ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ከባሕር ጠረፍ ሰው ይልቅ እኛ ስምንት ዲግሪ ያህል ምሕረት አለን። ታዲያ ምሕረቱ ብዙ አያጽናናም። አንድ ግራም ውሃ ከበረዶነት ጠርዝ እስከ መቶ ዲግሪ ለማሞቅ 100 ካሎሪ ይበቃል፤ አንድ ግራም እንፋሎት ግን ቆዳችሁ ላይ ወደ ውሃነት ሲመለስ ወደ 540 የሚጠጋ ካሎሪ ጥሎባችሁ ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው እንፋሎት ከፈላ ውሃ የሚብሰው። ጣቴን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ ቆሜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያለፈውን ቅዳሜ ያን ሁሉ የበረባሶ ንግግር ሳደርግ፣ ከኔ ቀጥሎ ይህችን ዕቃ በየሳምንቱ የምትይዘው ልጅ እንዳትቃጠል ጥንቃቄውን የነገራት ሰው አለ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም።

ልጅቷን እስካሁን «ሠራተኛችን» አልኳችሁ። ስሟ ቢጠራ ደስ ስለማይላት አልጠራውም። ሃያ ዓመት ሊሆናት ነው፣ የማታ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ናት፣ እኛ ዘንድ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ማዕድ ቤቱን በደንብ የማጽዳት ቀኗ ቅዳሜ ነው። ከምሳ በኋላ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ትገባለች፣ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣለች። ይህን የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ውስጥ ጋዜጣ እያነበብኩ!

በሽቦና በዱቄት ሳሙና የምታጸዳው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ቁሌት ነው። የኛን አገር ወጥ ልብ ብላችሁ አስቡት። ሽንኩርቱ ለረጅም ሰዓት ይቁላላል፣ ዘይቱ ይጨመራል፣ በርበሬው ይገባል፣ ያ ሁሉ ሲንጨረጨር ቀዩ ቅባት እንደ ጭጋግ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ የፍሪጁ ጀርባ ላይ ያርፋል። በማግሥቱ ሌላ ይደረብበታል፤ አቧራ ይጨመርበታል። ሲቆይ እንደ ቫርኒሽ ይሆናል። እኔ ያንን ወጥ ሠላሳ ዓመት ስበላ ወጡ ያለው ሳህኑ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሌላው ግማሽ ግድግዳው ላይ መኖሩን፣ እሱንም ደግሞ የሚበላ እጅ መኖሩን አላሰብኩም። የሴራሚኮቹ መጋጠሚያ ከተሠራ ጀምሮ ቡናማ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ነጭ ነው!

በስቲመሩ ሥራው ከሦስት ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ምናምን ወረደ። ባለቤቴም በሁለተኛው ሳምንት ተሸነፈች፤ አፍንጫዋ ላይ የሚጠለቀውን ብሩሽ «የልብስ» እና «የማጀት» ብላ ለይታ አስቀመጠችና ነገሩ በጾም ድስት ሕግ ተዳኘ። እንግዲህ እዚህ ላይ ጽሑፉ ማለቅ ነበረበት፤ «ብልሃተኛ ሴቶች» የሚል ርዕስ ሰጥቼው ወደ ጋዜጣው እልከው ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ በጓሮ በኩል ሳልፍ ልጅቷ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣለች። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፤ ምንም አልያዙም። እውነቱን ልናገር፣ ያ ባዶ እጅ ዓይኔን ቆረቆረው። ክፋት አልነበረም፤ ምናልባት ከክፋት የሚብስ ነገር ነው፤ አንደበቴ ሳያማክረኝ ቀደመኝ።

«ጨረስሽ እንዴ? ጎሽ! እንግዲያው ጊዜ ከተረፈሽ መጻሕፍቴን አቧራ አራግፊልኝ።»

«እሺ ጋሼ» ብላ ተነሣች። ምን ትበል?

የእህቴ ልጅ ሳሎን ሆና ሰምታ ኖሯል። ልጅቷ በጎናችን አልፋ ስትሄድ ጠብቃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንዲህ ነው የሚጀመረው፣ አጎቴ» አለችኝ።

ስለ አረብ አገሩ ኑሮዋ ብዙ አታወራም። ያን ቀን ግን ቡናው ሁለተኛው ሲደርስ አወራች። የተቀጠረችው ልጆች ለመያዝና ልብስ ለመተኮስ ነበር። ስቲመሩ የመጣው ለእመቤቲቱ አባያዎች ነው። ማዕድ ቤቱ ቀስ በቀስ ወደ እሷ መጣ፤ ሌሊት፣ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር ደባልቂው ተብላ ደባልቃ አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ አነጋች። (ይህን ለማታውቁ፦ በረኪና አሲድ ካለው ማጽጃ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ነው፤ በየቤታችሁ ያለውን አደራ።) ከዚያ በኋላ ነው ማንም ሳያያት ስቲመሩን ወደ ማዕድ ቤቱ ወስዳ የሞከረችው። የኔን «ዘይቤ»፣ የኔን «የዕቃ ትንሣኤ» የፈለሰፈችው ሳንባዋን ለማዳን ነው። ሦስት ሰዓት የሚፈጀው ሥራ በአንድ ሰዓት አለቀላት። ሁለት ሰዓት እንቅልፍ አገኘች።

«ስንት ጊዜ ተኛሁ መሰለዎት? አሥራ አንድ ቀን። ቆጥሬዋለሁ።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እመቤቲቱ ደረሰችባት። አልተቆጣችም። እንዲያውም አደነቀቻት፤ እህቷን በስልክ ጠርታ አሳየቻት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የእህትየውንም ማዕድ ቤት የምታጸዳው እሷ ሆነች። በዚያው ደመወዝ።

እኔ «አንድ ቃል በአንድ ደመወዝ ሁለት ሥራ ሲሠራ» ብዬ የተራቀቅኩባት ዐረፍተ ነገር ያኔ ጉሮሮዬ ላይ ቆመች። ቡናውን ጠጥቼ ላወርዳት ሞከርኩ፤ አልወረደችም።

ይህን ነገር ከዚያ ወዲህ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ስለ ዕቃና ስለ ተሠራበት ዓላማ መነጋገር የጀመረው አሪስቶትል ብቻ ባይሆንም ደጋግሞ ያነሣዋል። «ፖለቲካ» በተባለው ሥራው መጀመሪያ ገደማ ስለ ዴልፊ ቢላ ይናገራል፤ ብዙ ሥራ እንዲሠራ ታስቦ ስለሚቀጠቀጥ የቆጣቢ አንጥረኛ ቢላ። ተፈጥሮ እንደዚያ አንጥረኛ ንፉግ አይደለችም፣ ለእያንዳንዱ ተግባር እያንዳንዱን ነገር ለብቻው ትሠራለች፣ መሣሪያም አንድ ሥራ ብቻ ሲሠራ ነው መልካም የሚሆነው ይላል። ባለቤቴ ብትሰማው በወደደችው ነበር። ይህን የሚለው ግን ስለ ቢላ ተጨንቆ አይደለም፤ ሴትና ባሪያ በተፈጥሮ የተለያዩ ናቸው ለማለት ነው። ጥቂት ወረድ ብሎ ባሪያን ነፍስ ያለው መሣሪያ ይለዋል። መወርወሪያው በራሱ ቢሸምን፣ መሣሪያ ሁሉ ታዝዞ ወይም አስቀድሞ ተረድቶ ሥራውን ቢሠራ ኖሮ ጌቶች ባሪያ ባላስፈለጋቸው ነበር ይላል።

ተማሪዎቼን ይህን ክፍል ሳስነብብ እንደ ትንቢት ነበር የማቀርበው፤ ሰውየው ሞተሩን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት አየው እል ነበር። አሁን ሳስበው ግን የእህቴ ልጅ ከአሪስቶትል የበለጠ አይታለች። መወርወሪያው በራሱ ቢሸምን ጌትየው ባሪያውን አያሰናብትም፤ ወደ እህቱ ቤት ይልከዋል። አሜሪካዊቷ የታሪክ ምሁር ሩት ሽዋርትዝ ካውን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ የአገሯን ቤቶች ታሪክ መርምራ የደረሰችበት ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። የልብስ ማጠቢያው፣ ምድጃው፣ መጥረጊያ ማሽኑ ሁሉ ገባ፤ የቤት እመቤቲቱ የሥራ ሰዓት ግን ሥራው የቀለለውን ያህል አልቀነሰም። ምክንያቱም ልብስ በሳምንት አንዴ የሚታጠብ መሆኑ ቀርቶ በየቀኑ የሚቀየር ሆነ። ንጹሕ የሚባለው ነገር ራሱ ከፍ አለ። በኛም ቤት የሴራሚኩ መጋጠሚያ ነጭ መሆኑ ከታወቀ ወዲህ ቡናማነቱን የሚታገሥ ሰው ጠፍቷል። አንደኛው እኔ ነኝ።

እንግዲህ ጥያቄው ስቲመሩ ለልብስ ነው ለግድግዳ የሚለው አልነበረም። ዕቃን ካልተሠራለት ነገር ላይ ማዋል ማንንም አይበድልም፤ ስቲመሯ አታኮርፍም። ሰው ግን የተዋዋለው ነገር አለ፣ የሚደክም ገላ አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከድካሙ የምትተርፍ ሰዓት አለችው። ብልሃቱን ያመጣችው እሷ፣ እጇ የተላጠው እሷ፤ በብልሃቷ የተረፈችው ሰዓት የማን ናት? «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» እንላለን። ሥራውንና እሾሁን ማን እንደሚወስድ አባቶቻችን ነግረውናል። ትርፉን ስለሚወስደው አልተነሣም።

ሕጉ ምን ይላል ብዬ የአገሩንም የውጩንም አገላበጥኩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአሠሪዋ ቤት ስለምታድር ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች አሉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የቤት ሠራተኛን ነገር የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይታያል ብሎ ከደጅ አቆይቶታል። ከሁሉም ዓይኔን የያዘው ግን ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ቤት ሠራተኞች ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189 ነው። ሠራተኛዋ በሰዓቷ እንደ ልቧ የማታዝበትና ለቤቱ ጥሪ ተጠባባቂ ሆና የምትቆይበት ጊዜ፣ የየአገሩ ሕግ በሚወስነው መጠን፣ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል ይላል። ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች የተቀመጠችው ልጅ፣ ጋሼ መቼ ይጠራኝ ይሆን ብላ ከሆነ የተቀመጠችው፣ ሥራ ላይ ነበረች ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሥራ ፈትታ ነው ያየኋት።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። ነገሩን ለማጣፈጥ ብዬ ከሐተታ ዘርዐ ያዕቆብም ጨመርኩበት። ጸሐፊው ማን እንደሆነ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከሩበታል፤ ታሪኩ ግን ድንቅ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ እንፍራዝ ላይ ከተጠጋበት ከሀብቱ ቤት ኂሩት የምትባለውን አገልጋይ ለትዳር ይጠይቃል። ጌታዋም ከእንግዲህ ያንተ አገልጋይ ትሁን ይለዋል። እሱ ግን በሚስትነት እንጂ በአገልጋይነት አልፈልጋትም፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ብሎ ይመልሳል።

ባለቤቴ አዳምጣ ስታበቃ ላቫንዲኖው ውስጥ የተከመረውን ሳህን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ።

«ሦስት ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ኂሩት ሚስት ባትሆን ኖሮስ? ለመከበር የግድ ማግባት አለባት ማለት ነው? ይኸው አንድ። ሁለተኛ፣ ልጅቷ ሰዓቷን ትውሰድ ስትል የቀረውን ሥራ ማን ይሠራዋል ብለህ ነው? አንተ ለጋስ የሆንከው በኔ ማጀት ነው። ሦስተኛ፣ እኔ መሥሪያ ቤት ውዬ መጥቼ ሠላሳ ዓመት ስንጎዳጎድ ሰዓትሽ የት ሄደ ብለህ ጋዜጣ ላይ ጽፈህልኝ ታውቃለህ?»

መልስ የለኝም ነበር። አሁንም ለሁለተኛውና ለሦስተኛው የለኝም። ለመጀመሪያው ግን፣ ልክ ናት። ያ ታሪክ ኂሩትን ከአገልጋይነት ያወጣታል እንጂ አገልጋይ ሆና ለቀረችው ሴት የሚለው ነገር የለም። ስንት ጊዜ አስተማርኩት፤ አንድም ተማሪ ይህን አልጠየቀኝም። ወይም ደግሞ ጠይቀውኝ አልሰማኋቸውም።

ለማንኛውም በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷን ጠርቼ ተናገርኩ። ባለቤቴም አለች። ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ማዕድ ቤቱን ስትጨርሺ ቀኑ ያንቺ ነው አልኳት፤ እስከ ማታ ማንም አይጠራሽም። ትንሽ የታሪክ ሰው የሆንኩ መሰለኝ፤ አዋጅ እንደሚያነብ ሰው ቆሜ ነበርና። ልጅቷ ግን ፊቷ ላይ ፍርሃት እንጂ ደስታ አላየሁም።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

ምንም እንዳላጠፋች ባለቤቴ አስረዳቻት። እኔ ከዚህ ይሻላል ከዚያ ይሻላል ብዬ ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ሦስት ልቦለዶች አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬላት ነበር። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሷል፤ እንግሊዝኛም ላስጠናት አስቤያለሁ። በል እስቲ ጠይቅ አልኩና ጠየቅሁ፤ በሰዓትሽ ምን ልትሠሪበት አሰብሽ?

«ልተኛ» አለች።

ቅር አለኝ። እንዴት እንደማይለኝ! ይህን ያህል ፍልስፍና የወጣባት ሰዓት ለእንቅልፍ? ቅር ማለቴን ባለቤቴ ፊቴ ላይ አንብባ ሳቋን ልታፍን ፊቷን አዞረች። ልጅቷ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ትነሣለች፤ የማታ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ራት አነሣስታ ጎኗን የምታሳርፈው ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ይህንንም ያሰላችልኝ ባለቤቴ ናት። እኔ ሰዓቷን መለስኩላት ባልኩበት አፍ ምን እንደምታደርግባት ልወስንላት ተነሥቼ ነበር። የአረብ አገሯ እመቤት ማዕድ ቤት ጨመረች፤ እኔ ልቦለድ። የኔ ይሻላል ብትሉ አልከራከርም። ግን ጭማሪ ጭማሪ ነው።

ልቦለዶቹን ወደ ቦታቸው መለስኳቸው። ከፈለገች የት እንዳሉ ታውቃለች።

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቿ ጋር ወጥታለች፤ መቼ እንደምትመለስ አልጠየቅሁም፣ እሷም አልነገረችኝም። ከጓሮ ክፍሉ ድምፅ የለም። ከምሳ የቀረው ሳህን ላቫንዲኖው ውስጥ አለ፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቼው ተመልሻለሁ። የበር ደወል አንዴ ጮኾ ልጅቷ ሳትነቃ ልድረስበት ብዬ በካልሲ ሮጥኩ፤ የቆጣሪ አንባቢው ነበር። «ሰው የለም እንዴ ጋሼ፣ እርስዎ የከፈቱት?» አለኝ። አለ፣ ተኝተው ነው አልኩት።

መጻሕፍቱ ላይ ያለው አቧራ እስካሁን አለ። ስቲመሩን አስቤ ነበር፤ የእህቴ ልጅ በስልክ «አጎቴ፣ ወረቀት እኮ ነው! ያበጥብዎታል!» ብላ ከለከለችኝ። በደረቅ ጨርቅ ነው አለች፣ አንድ በአንድ እያወረዱ፣ መጀመሪያ አናቱን ከዚያ ጀርባውን። ቆጠርኳቸው፤ ከስድስት መቶ ይበልጣሉ። ከላይኛው መደርደሪያ ጀምሬያለሁ፤ አሥራ አራቱን ጨርሻለሁ።